ከአዳራሹ በፊት ቪዛው

የቴክኒክ ጉባኤ አዘጋጅ ከአዳራሹና ከምሳው በፊት ቪዛን ያስብ እላለሁ። እ.ኤ.አ. በ2018 ሞንትሪያል በተካሄደው ኒዩሪፕስ የተባለ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ጉባኤ ላይ ሊገኙ የነበሩ በርካታ አፍሪካውያን ተመራማሪዎች ቪዛ ተከልክለው ቀሩ። ሌላው ትልቅ ጉባኤ፣ አይሲኤልአር፣ የ2020 መሰናዶውን አዲስ አበባ ላይ ሊያደርግ የወሰነው ይህ ቅሬታ ገና ትኩስ ሳለ ነበር። ኮሮና መጣና ሁሉም ወደ ኢንተርኔት ዞረ። አዘጋጆቹ እዚያም ብልሃት አላጡም፦ አቅራቢው አጭር ቪዲዮ አስቀድሞ ይቀርጻል፣ ጥያቄና መልሱ ግን በቀጥታ፣ በተለያየ ሰዓት ይደገማል፤ ቶኪዮ ያለውም ካሊፎርኒያ ያለውም ሌሊቱን ሳያነጋ ይጠይቃል። ይህን እያንዳንዱ አዘጋጅ ቢወርሰው ደስ ይለኛል። የሻይ ሰዓቱን ግን ምንም አልተካውም፤ የአራት ኪሎ ተማሪ ስሙን በጽሑፍ ብቻ የሚያውቀውን ተመራማሪ አስቁሞ የሚጠይቀው እዚያ ነበር። በ2023 ኪጋሊ ጉባኤውን ተቀበለች፤ እሰየው። አዲስ አበባም የቀረባት ዕድል ሊመለስላት ይገባል።