አሮጌው ሌንስ በአዲሱ ካሜራ

ሰው ካባቱ የወረሰውን ጋሻና ካባ በክብር ሲያኖር፥ ያባቱን ካሜራ ግን ፊልም ጠፋ ብሎ በሣጥን ውስጥ ይረሳዋል። ካሜራው ሥራውን ቢፈጽምም ሌንሱ ገና የሚያይ ዐይን ነውና፥ ስለዚሁ ጥቂት ነገር ለአንባብያን ልናስታውስ ወደድን።

የቀድሞው ካሜራ በውስጡ ተነሥቶ የሚወድቅ መስተዋት ስለ ነበረው፥ ሌንሱ ከፊልሙ ራቅ ብሎ እንዲቀመጥ ሆኖ ተሠርቷል። በኤውሮጳ አቆጣጠር በ1949 ዓ.ም. የወጣው፥ እንደ ብሎን እየዞረ የሚገባው ኤም 42 የተባለው ዓይነት 45.46 ሚሊ ሜትር ርቀት ይፈልጋል። መስተዋት የሌለው የሶኒ ዲጂታል ካሜራ ግን የሚፈልገው 18 ብቻ ነው። ስለዚህ የቀረውን 27.46 ሚሊ ሜትር የሚሞላ ቀለበት በመካከል ቢገባ፥ አሮጌውና አዲሱ እንደ ጥማድ በሬ አብረው ይሠራሉ። ካሜራው ሌንሱን ስለማያውቀው፥ ያለ ሌንስ እንዲያነሣ የሚፈቅደውን ትእዛዝ አስቀድሞ መክፈት ያሻል። ሥዕሉን ማጥራትና ብርሃኑን መመጠን የእጅ ሥራ ይሆናል።

እኛም ካባታችን የወረስነውን ሄልዮስ የተባለ የ58 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይዘን ወደ ጋሞ ወረድን። በዶርዜ፥ የዝሆን ራስ በሚመስለው የቀርከሃ ቤት ጥላ ሥር አንድ ሸማኔ አገኘንና ፈቃዱን ጠየቅን። የብርሃን መግቢያውን እስከ መጨረሻው ብንከፍትም፥ መወርወሪያው ከእጃችን ፈጥኖ ሦስት ጊዜ ደበዘዘብን። በኋላ ግን እጁ ተመልሶ በሚያርፍበት ስፍራ አስቀድመን አጥርተን ብንጠብቅ፥ አራተኛው አማረ። ከአርባ ምንጭ በላይ ሆነን ቀላውን አባያንና ሰማያዊውን ጫሞን ስናነሣ ደግሞ፥ አሮጌ ሌንስ ፀሐይ ፊት ለፊት ሲመጣበት ስለሚፈዝ በእጃችን ጋረድነው።

አንድ ጥፋት ግን አጠፋን። ከጨንቻ ብርድ ወደ አርባ ምንጭ ሙቀት እንደ ወረድን ቦርሳውን ብንከፍት፥ መስተዋቱ በእንፋሎት ተሸፈነ። እርጥበት በሌንስ ውስጥ ሲሰነብት ሻጋታ ያበቅላል፤ ሻጋታውም ውሎ አድሮ መስተዋቱን ይበላዋል። ስለዚህ ከብርድ ወደ ሙቀት የገባ ሌንስ እስኪሞቅ ድረስ ቦርሳው አይከፈት። የቆዳ ማኅደርም እርጥበት ስለሚይዝ ለማኖሪያ አይመረጥም።

እንግዲህ የቤት ጌቶችና እመቤቶች ሆይ፥ ሣጥናችሁን ሳይውል ሳያድር ክፈቱ። ሌንሱን ወደ ብርሃን አቅንታችሁ ተመልከቱ፤ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ቢታይበት ለባለሙያ አሳዩ። ንጹሕ ከሆነም ለልጃችሁ ስጡት። አያቱ ያዞሩትን ቀለበት እርሱም እያዞረ፥ አያቱን ያየችውን ዐይን በእጁ ይዞ ወንድሞቹንና እኅቶቹን ያነሣባታል።