አመዳይ፣ አክሲዮንና ዕቁብ

ክረምት ስንል ሰኔን፣ ሐምሌንና ነሐሴን ማለታችን ነው፤ ጭቃውን፣ ጉሙን፣ ከሰል ላይ የሚንጣጣውን በቆሎ። ኮሎራዶ ውስጥ የምንኖር ሐበሾች ግን ታኅሣሥንና ጥርንም ክረምት ማለት ከጀመርን ቆይተናል። ቃሉ ዝናቡን ጥሎ ብርዱን ብቻ ተሸክሞ ባሕር ተሻገረ። ከሰማይ እንደ ጥጥ ብናኝ የሚወርደውንም ነጭ ነገር በረዶ እንለዋለን፤ በአገራችን በረዶ የሚባለው ግን ቆርቆሮ የሚደበድበው ጠጠር ነው። አመዳይ የሚል ቃል ነበረን፤ ከመጻሕፍት ውጭ የሚጠራው የለም እንጂ። እኔ በዚህ ጽሑፍ አመዳይ እላለሁ፤ አንባቢ ይታገሠኝ።

ልጽፍ የተነሣሁት ስለ አንድ ክረምት ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ እስከ 2021 መጀመሪያ ስለ ነበረው የኮሮና ክረምት። ስለ ሆስፒታሉ፣ ስለ ክትባቱና ስለ ጭምብሉ ብዙ ተጽፏል። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ሰው ከሰው እንዳይገናኝ በታዘዘበት በዚያ ወራት ሁለት ነገሮች ደርተው ነበር፤ ተራራ ላይ በስኪ መንሸራተትና በስልክ አክሲዮን መግዛት። ሁለቱም «ብቻህን ልታደርገው ትችላለህ» ተብለው የተወደሱ ነገሮች ናቸው። እኔ ግን ሰዎች ወደ ሁለቱም የሮጡት ሰው ፍለጋ ነበር እላለሁ፤ አንዳንዱም ለዚያ ፍለጋ የከፈለው ዋጋ ከባድ ነበር።

ነገሩን ከኦስትሪያ ልጀምር። በቲሮል ተራሮች መካከል ኢሽግል የምትባል ትንሽ የስኪ ከተማ አለች። ከዚያ የተመለሱ ተጓዦች በበሽታው ተይዘው ስለ ተገኙ፣ አይስላንድ ማርች 5 ቀን 2020 ኢሽግልን ከአደገኛ ሥፍራዎች ተርታ መዘገበቻት። ከተማይቱ ግን ወዲያው አልተዘጋችም፤ ሸለቆው በሙሉ እንዳይወጣበትና እንዳይገባበት የተደረገው ማርች 13 ቀን ነው። ኋላ የኢንስብሩክ የሕክምና ዩኒቨርሲቲ የነዋሪዎቹን ደም ሲመረምር፣ 42 በመቶ ያህሉ በሽታው እንደ ደረሰባቸው የሚያሳይ ምልክት አገኘ። በሽታው የተዛመተው ግን ቁልቁል ሲንሸራተቱ አልነበረም። የተዛመተው ከመንሸራተት በኋላ ነው፤ ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ በሚዘፍንበትና በሚጠጣበት ቤት። ስኪ የብቻ ጨዋታ ቢሆን ኖሮ ኢሽግል ስሟ እንዲህ ባልተነሣ ነበር። ሰው ያን ሁሉ መንገድ የሄደው ለተራራውም፣ ከተራራው ሲወርድ ለሚጠብቀው ግርግርም ነው።

እዚህ ኮሎራዶ አገረ ገዢው ጃሬድ ፖሊስ የስኪ ሥፍራዎችን ያዘጉት ማርች 14 ቀን 2020 ነበር። በኅዳር ሲከፈቱ ሥርዐቱ ተለውጦ ነበር፤ ጭምብል ግዴታ ሆነ፤ በብዙ ሥፍራ ቀን አስቀድሞ ማስያዝ አስፈለገ፤ በሽቦ ገመድ ተንጠልጥሎ ወደ ላይ በሚያወጣው ወንበር ላይም የማይተዋወቁ ሰዎች ተጠጋግተው መቀመጣቸው ቀረ። (በአውሮፓ የከፋ ነበር። ፈረንሳይ ማንሻዎቹን ክረምቱን ሙሉ አልከፈተችም፤ ጣሊያን ደግሞ ሊከፈቱ አንድ ቀን ሲቀራቸው ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2021 ከለከለች።)

በዚያው ሰሞን ዴንቨር «ቀይ ደረጃ» በሚሉት ገደብ ሥር ነበረች። ከኖቬምበር 20 ቀን ጀምሮ እስከ አዲሱ ዓመት መባቻ ድረስ ከሌላ ቤት የመጣ ሰው በቤትህ መቀበል ተከልክሎ ነበር። ጎረቤትህን ቡና ጠርተህ ማጠጣት አትችልም፤ ሁለት ሰዓት ነድተህ ከሺሕ ሰው ጋር ተራራ መውጣት ግን ትችላለህ። ይህን የምለው ለመክሰስ አይደለም። ደጅ ከቤት ውስጥ እንደሚሻል ሳይንሱ አስረድቷል፤ እኔም አምናለሁ። የገረመኝ ሕጉ ያላሰበው ነገር ነው። የእኛ ማኅበራዊ ኑሮ ሁሉ የቤት ውስጥ ነው፤ ቡናው፣ ማኅበሩ፣ ክርስትናው፣ ከሁሉም በላይ ለቅሶው። ደጅ የሚደረግ ወዳጅነት አልለመድንም። እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን ላይ በክረምት ኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ኢትዮጵያን የወከለው ሮቤል ተክለማርያም በስኪ የሮጠ የእኛው ልጅ ነው፤ እኔ የማውቃቸው የዴንቨር ሐበሾች ግን እነዚያን ተራሮች የሚያውቋቸው ከአየር ማረፊያ ተሳፋሪ ጭነው ሲያደርሱ ነው።

በታኅሣሥ አንዲት እናት በዕድሜ አርፈው ለቅሶ ልንደርስ ሄድን። ግቡ ማለት አይቻልም፤ ተመለሱ ማለትም አልሆነላቸውም። መኪናዎች ከቤቱ ፊት ለፊት ግራና ቀኝ ቆሙ፤ ሞተር እንደ በራ፣ መስተዋት በእንፋሎት ተሸፍኖ፣ ሰው በየመኪናው ተቀምጦ አለቀሰ። ትልቋ ልጅ ነጠላዋን አዘቅዝቃ በረንዳው ላይ ቆማ ወደ እያንዳንዱ መኪና ጎንበስ ትላለች። «እግዜር ያጥናችሁ» የተባለው በስልክ ነው፤ ዐሥር እርምጃ ርቀት ላይ ተቀምጦ። በዚያው ሰሞን ተሳፋሪ ወደ ተራራ የሚያመላልስ ወዳጄ ስኪ የሚሄዱትም ምሳቸውን በመኪናቸው ውስጥ እንደሚበሉ ነገረኝ፤ በማቆሚያው ሜዳ ላይ መስተዋት ለመስተዋት እየተያዩ።

ስለ ተራራው ሳልጨርስ አንድ ነገር ልጨምር። ከተከለለው የስኪ ሥፍራ ውጭ፣ ማንሻና ጠባቂ በሌለበት ዳገት በእግራቸው ወጥተው የሚንሸራተቱ አሉ፤ በዚያ ክረምት ቁጥራቸው ጨምሮ ነበር። በዚያ ክረምት በአሜሪካ 37 ሰዎች በአመዳይ ናዳ ሞቱ፤ 12ቱ ኮሎራዶ ውስጥ። አስቀድሞ የወረደው ስስ አመዳይ ሳይጠብቅ ከሥር ተንኮታኩቶ ስለ ቀረ፣ በላዩ የተከመረው ከባድ ሽፋን የሚይዘው አልነበረም። ወደዚያ የሚሄድ ሰው ሦስት ነገር ይይዛል፤ ምልክት የሚያሰማ መሣሪያ፣ ረጅም ዘንግና አካፋ። አካፋው ለራሱ አይረባውም፤ ናዳ የቀበረው ሰው ራሱን ቆፍሮ አይወጣምና። የሚሸከመው ለጓደኛው ነው፤ ጓደኛውም ለእርሱ ይሸከማል። በሩብ ሰዓት ውስጥ ቆፍሮ ካላወጣው የመትረፍ ዕድሉ በፍጥነት ይመነምናል። ይህን ባወቅሁ ጊዜ ያሰብሁት የዕቁብ ዋስን ነበር።

አሁን ወደ ገንዘቡ። እ.ኤ.አ. በ2019 መኸር ትልልቆቹ የአሜሪካ አገናኝ ድርጅቶች አክሲዮን የመግዣና የመሸጫ ኮሚሽናቸውን ሲያስቀሩ፣ ማንም በስልኩ ያለ ክፍያ ነጋዴ መሆን ቻለ። ቀጥሎ በሽታው መጣ፤ ሰው ቤቱ ተቀመጠ፤ መንግሥት በ2020 ጸደይ 1,200 ዶላር፣ በዓመቱ መጨረሻ ደግሞ 600 ዶላር ለየሰዉ ላከ። ጌምስቶፕ የተባለው የቪዲዮ ጨዋታ መሸጫ ኩባንያ ታሪክ የዚህ ሁሉ ድምር ነው። ትልልቅ ገንዘብ አንቀሳቃሾች ይህ ድርጅት መውደቁ አይቀርም ብለው አክሲዮኑን ተበድረው ሸጡ፤ ዋጋው ሲወርድ ገዝተው ሊመልሱ። የተበደሩት ከመጠን በላይ ሆነ፤ በገበያ ላይ ከሚዘዋወረው አክሲዮን ይበልጥ ነበር። ይህን ያዩ ብዙ ሺሕ ሰዎች በሬዲት ተጠራርተው ገዙ፤ ተበዳሪዎቹም መልሰው ለመግዛት ተሻሙ። በጃንዋሪ 2021 መጀመሪያ ከ20 ዶላር በታች የነበረው አክሲዮን በ28ኛው ቀን ለቅጽበት 483 ዶላር ደረሰ። በዚያው ዕለት በርካታ አገናኞች መግዛትን ገደቡ። በፌብሩዋሪ 19 ቀን 40 ዶላር ገደማ ነበር።

ሁሉም ስለ ስግብግብነት አወራ። እኔ የዕቁባችንን ልጅ አውቃለሁ። በጥር ዕጣ ወጣለት፤ ገንዘቡንም በዚያ ሳምንት ጌምስቶፕ ላይ አዋለው፤ በሦስት መቶ ዶላር ገደማ። ማንም አላወቀም፤ የዕቁቡ ዋስ የሆኑት አጎቱ እንኳ። ሳምንታዊ ክፍያውን ግን አንድም ጊዜ ሳያጓድል፣ ሌሊት ሌላ ሥራ እየሠራ እስከ መጨረሻው ከፈለ። ታሪኩን የሰማነው በበጋ ነው። ለምን እንዳደረገው ሲጠየቅ ስለ ገንዘቡ ብዙም አልተናገረም። «አራት ቀን ሙሉ ብቻዬን አልነበርሁም» አለ። ሌሊት ስልኩን ሲከፍት እንደ እርሱ እንቅልፍ ያጡ፣ «አትሽጥ፣ እኛም አልሸጥንም» የሚሉ ሰዎች ይጠብቁት ነበር። ዋጋው ሲወርድ ግን ስሙን የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። አካፋ የያዘለት ሰው ዴንቨር ውስጥ ነበር፤ ልጁ መቀበሩን የሚያሳውቀው ምልክት ግን አልነበረም።

ዕቁባችንም ወደ ስልክ ገብቶ ነበር። ገንዘቡ በዜል ይላካል፤ ዕጣው በቪዲዮ ይወጣል፤ ሁሉም ነገር በዐሥር ደቂቃ ይጠናቀቃል። ጸሐፊያችን እንዲህ የተጣራ ሒሳብ ይዞ እንደማያውቅ ይናገራል። እውነቱን ነው። የቀድሞው ዕቁብ ግን ከሰዓት በኋላውን ይፈጅ ነበር፤ ቡናው ሦስት ጊዜ ይፈላል፤ ዳኛው አንዱን ወደ ጓዳ ጠርተው «ፊትህ ልክ አይደለም፤ ምን ሆነሃል?» ይሉታል፤ ዕጣ የወጣለት ሰው ለባሰበት ይለቃል። ያ ሁሉ በመዝገብ አይጻፍም። በቪዲዮ ጊዜ ሁሉም ፊት የቴምብር ያህል ነበር፤ ግማሹም ካሜራውን አጥፍቶ ይቀመጥ ነበር።

ሒሳብ የሚያውቅ አንድ ወዳጄ በዚህ ይስቅብኛል። ዕቁብ ወለድ የለውም፤ ያስገባኸውን ያንኑ ትወስዳለህ፤ ያውም የዋጋ ንረት በልቶት ይላል። በማርች 23 ቀን 2020 የኤስ ኤንድ ፒ 500 መለኪያ 2,237 ነበር፤ በ2021 መጨረሻ 4,766 ደርሷል፤ ሳይነካ የተቀመጠ ሰው ከእጥፍ በላይ አተረፈ። አልክደውም። እንዲያውም ለጡረታ የሚያስቀምጥ ሁሉ ገንዘቡን ከብዙ ኩባንያዎች ላይ በትኖ ለዓመታት ቢተወው ደግ ነው እላለሁ፤ ዕቁብ የዚያ ምትክ አይደለም። ወዳጄ የሚስተው ዕቁብን በወለድ መመዘኑ ላይ ነው። ያ ልጅ ገንዘቡን ያወጣው ለትርፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ የወዳጄ ምክር በበቃው ነበር። እርሱ ግን ቀድሞ በዕቁብ ያገኘው የነበረውን፣ ያም ሲቋረጥበት የትም ያጣውን ነገር ነው ገበያ ውስጥ ሲፈልግ የነበረው።

በ2021 በጋ፣ ከክትባቱ በኋላ ተሰብስበን ዕቁቡ እንዴት ይቀጥል የሚለው ተነሣ። በስልኩ ይቀጥል ያሉት ምክንያት አላቸው፤ ቅዳሜ የሚሠሩ አሉ፤ ሕፃን ያላቸው አሉ፤ ሩቅ የተዛወሩም አሉ። ክርክሩ ከረረ፤ ቡናው እስኪበርድ ድረስ። በመጨረሻ የሚመጣ እንዲመጣ፣ የማይችል በስልክ እንዲሳተፍ ተስማማን። ዳኛው ግን አንድ ደንብ አስገቡ፤ በስልክ የሚከፍል ሰው ዕጣ ሲወጣለት ገንዘቡን የሚቀበለው በአካል መጥቶ ነው። አንዳንዶች ተቆጡ። ያ ልጅ ከአጎቱ አጠገብ ተቀምጦ ነበር፤ እጁን ለድጋፍ ካነሡት የመጀመሪያው እርሱ ነው።