መድኃኒትን በምስል መፈለግም የኡማው ግዴታ ነው

በጅዳና በመካ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ወላጆች ልጆቻችን ምን እንዲሆኑልን እንደምንመኝ ብንጠየቅ፣ ብዙዎቻችን “ሐኪም” ወይም “መሐንዲስ” ማለታችን አይቀርም። ምኞቱ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ሐኪሙ የሚያዘውን መድኃኒት ማን ፈልጎ እንዳገኘው የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን። በሕክምናና በምህንድስና መካከል ሁለቱን የሚያገናኝ አንድ ሙያ አለ፤ እርሱም የሕዋሳትን ምስል በማይክሮስኮፕ አንሥቶ፣ በኮምፒውተር ስሌት መርምሮ አዲስ መድኃኒት መፈለግ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሕዋሳት 384 ጥቃቅን ጉድጓዶች ባሉት ሳህን ላይ ይዘራሉ። በየጉድጓዱ የተለያየ ውሕድ ይጨመርና ሕዋሳቱ በሚያበሩ ቀለሞች ተቀልመው ፎቶ ይነሣሉ። እያንዳንዱ ጉድጓድ በ9 ቦታ፣ በ5 ዓይነት ብርሃን ቢነሣ፣ ከአንድ ሳህን ብቻ 17,280 ምስሎች ይገኛሉ። ይህን ሁሉ በዓይን ተመልክቶ መጨረስ አይቻልም። ስለዚህ ኮምፒውተሩ የእያንዳንዱን ሕዋስ ቅርጽና መጠን ይለካል፤ የትኛው ውሕድ በሽታውን እንዳዳከመ፣ የትኛው ደግሞ ሕዋሱን እንደመረዘ ይለያል። መለኪያውን የሚያወጣውና የማሽኑን ስሕተት የሚያርመው ግን ባለሙያው ነው።

ጉዳዩ ከእኛ የራቀ አይደለም። ካላዛር በመተማና በሑመራ ቆላ ለእርሻ ሥራ የሚወርዱ ወጣቶችን የሚያጠቃ፣ ካልታከመም የሚገድል በሽታ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ሲሰጥ የቆየው ሕክምና ለ17 ቀናት ያለማቋረጥ መወጋትን ይጠይቃል፤ ከመድኃኒቶቹ አንዱም ልብን ሊጎዳ ይችላል። የበሽታው ተውሳክ የሚደበቀው ሰውነትን በሚከላከሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ውስጥ ነው። ስለዚህ የሚፈለገው መድኃኒት ተደባቂውን ገድሎ ቤቱን የማያፈርስ መሆን አለበት። ምስሉ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ያሳያል፤ ተውሳኩ ስንት እንደቀረና ሕዋሱ ደኅና መሆኑን። ሕመምተኞቹ ድሆች በመሆናቸው ግን የመድኃኒት ገበያው ለእነርሱ አይቸኩልም።

አላህ መድኃኒት ያላወረደለት በሽታ እንደሌለ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል። ይህ ትምህርት ለታማሚው ተስፋ፣ ለጤነኛው ደግሞ የፍለጋ አደራ ነው። ኢማም አል-ገዛሊ “ኢሕያእ ዑሉሙዲን” በተባለው መጽሐፋቸው ሕክምናንና ሒሳብን ከፈርድ ኪፋያ ቆጥረዋል፤ ሰዉ ሁሉ ወደ ፊቅህ ሲጎርፍ ሙስሊም ሐኪም የሌለባቸው ከተሞች መኖራቸውንም ወቅሰዋል። ፈትዋ መስጠት የዑለማዎች ድርሻ ነው፤ ሕክምናና ሒሳብ የሚገናኙበትን ይህን ሙያ ግን ከዚያ አደራ ውጭ አድርጎ ማየት ለእኔ ይከብደኛል። ኢብኑል ሀይሠም በ11ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ካይሮ ላይ የብርሃንና የማየትን ምስጢር በሙከራ መርምሯል። በእርሱ መኩራት ይገባናል፤ ኩራት ብቻውን ግን ላብራቶሪ አይከፍትም።

ዕድሉ ቅርብ ነው። ከጅዳ በስተሰሜን 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሱወል የሚገኘው የንጉሥ አብዱላህ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2009 ተከፍቷል። ከልዩ ልዩ አገሮች የሚመጡ ተማሪዎችን በማስተርስና በዶክትሬት ያስተምራል፤ ለተቀበላቸውም የትምህርት ወጪውን፣ መኖሪያና የኪስ ገንዘብ ይሸፍናል። ከባድ የማይክሮስኮፕና የስሌት መሣሪያዎችም አሉት። ውድድሩ ብርቱ በመሆኑ ዝግጅቱ ከልጅነት መጀመር አለበት።

“የእኛ ልጅ ቶሎ ሠርቶ ቤተሰቡን መርዳት አለበት” የሚል ወላጅ ይኖራል። እውነት ነው፤ የስደት ኑሮ ጊዜ አይሰጥም። ቢሆንም ምስልን በኮምፒውተር መመርመር የቻለ ወጣት መድኃኒት ፍለጋው ቢዘገይበት እንኳ በሆስፒታል ምርመራ ክፍልም ሆነ በሶፍትዌር ሥራ እንጀራ አያጣም። መጀመሪያውም ውድ አይደለም። የሕዋስ ምስሎችን የሚለካው “ሴልፕሮፋይለር” የተባለው ፕሮግራም በነጻ ይገኛል፤ ለመለማመጃ የሚሆኑ ምስሎችም በነጻ ተለቀዋል።

ስለዚህ ወላጆች ልጃቸው፣ ሴት ልጃቸውም ጭምር፣ ሒሳብን እንዳትሸሽ ይበርቱ። የኮሙኒቲ ትምህርት ቤቶቻችን ባዮሎጂንና ኮምፒውተርን በአንድ ጠረጴዛ ያስተምሩ። በየደርሱ የተሰበሰቡ ወጣቶችም ይህ ሙያ እንዳለ ይስሙ። ከመተማ ቆላ ታሞ የተመለሰውን ወጣት የሚያስታውስ ሰው ከማይክሮስኮፑ ፊት ካልተቀመጠ፣ ፍለጋው ለማን እንደሚቸኩል አስቀድመን እናውቀዋለን።