ለወጥ ቤት ቁም ሣጥን የሚወጣ ገንዘብ

የኮንዶሚኒየም ወጥ ቤቱን ለማደስ ከደመወዙ ቆጥቦ የተነሣ ወጣት ሠራተኛ፤ አናጺውን አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ መዝጊያው ቀለምና ብልጭታ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ቁም ሣጥኑን የሚያበላሸው ከዕቃ ማጠቢያው ሥር የሚንጠባጠበው ውሃ ነው። የእንጨት ፍቅፋቂ በሙጫ ተጨምቆ የሚሠራው ቺፕውድ ጠርዙ ካልተሸፈነ ውሃ ይጠጣል፤ ያብጣል፤ ካበጠም በኋላ ቢደርቅ ወደ ልኩ አይመለስም፤ ማጠፊያውን የያዘው ብሎንም ይላላል። ኤምዲኤፍ የሚባለውም፤ ስሙ ቢያምር፤ ከዚህ አያመልጥም።

ስለዚህ ገንዘቡ አጭር የሆነ ሰው ከማጠቢያው ሥር ያለውን ክፍል ብቻ ውሃ በሚችል ኮምፔርሳቶ አሠርቶ፤ እግር አስገጥሞ ከወለሉ ከፍ ያድርገው። የቀረው በቺፕውድ ቢሠራ ነውር የለበትም። ነባሩ ሣጥን ደኅና ከሆነማ መዝጊያውን ብቻ መለወጥ ይበቃል። የላይኛው ቁም ሣጥን ለጊዜው ቀርቶ ተራ መደርደሪያ ቢተካው እንግዳ ይታዘበናል የሚሉ አሉ፤ ለመሆኑ እንግዳ ወጥ ቤት ድረስ የሚዘልቀው በዓመት ስንት ጊዜ ነው?