ፕላን ከመጽደቁ በፊት

ይህ እትም ቤት ለሚሠራም ሆነ የመብራት ካርድ ለሚሞላ ሁሉ የተሰናዳ ነው። በ2017 ዓ.ም. መባቻ የተጀመረውና 4 ዓመት የሚዘልቀው የኤሌክትሪክ ታሪፍ ማስተካከያ ዋጋውን በየሩብ ዓመቱ ከፍ ያደርጋል። አዲስ አበባ ግን ወደ ምዕራብ በዞረ መስታወት መኩራራቷን አልተወችም። የከሰዓት ፀሐይ አስገብቶ በማቀዝቀዣ ማስወጣት፣ ከይቅርታ ጋር፣ ገንዘብ ማቃጠል ነው።

እንደ ሁኔታው ስለሚለወጥ ቤት ደግሞ ዶርዜዎች ቀድመው አስበዋል። ከቀርከሃ የሚሠሩት ረጅም ቤት ምስጥ ከሥሩ ሲበላው ቁመቱ እያጠረ ለአሥርት ዓመታት ያገለግላል፤ ሲያስፈልግም ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ተሸክሞ ያዛውረዋል። ስለ «ተለዋዋጭ ቤት» ለሚራቀቁ አርክቴክቶች ከዚህ የበለጠ መምህር ከየት ይመጣል?

ከተማውም ሙከራ አላጣም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕንፃ ተቋም ከስዊዘርላንዱ ኢቲኤች ዙሪክ ጋር የገነባው «ሱዱ» የተባለ ባለ አንድ ፎቅ ቤት የምድር ቤቱ ግድግዳ ከተጠቀጠቀ አፈር የተሠራ ነው። አፈር የድሃ ነው ለሚል ሰው ሄዶ ማየቱ አይከፋም።

አንባቢ ከዚህ እትም የመስኮት አቅጣጫ አመራረጥን፣ የዝናብ ውኃ አጠረቃቀምን፣ ልጆች ሲበረክቱ ግድግዳ ሳያፈርሱ ክፍል የሚጨመርበትን ዘዴ ያገኛል። ከኮንትራክተር ጋር ከመፈራረም በፊት የሚጠየቁ ጥያቄዎችም ተካተዋል፤ አንዳንዱ ኮንትራክተር ላይወዳቸው ይችላል።