ሲሚንቶው አረጀ ያለው ማን ነው?

የዳሌ መገጣጠሚያ ቅየራ ሲነሳ «በሲሚንቶ የሚጣበቀው የድሮ ነው፣ ያለ ሲሚንቶ የሚገባው ዘመናዊው ነው» ማለት ተለምዷል። ወድቀው ዳሌያቸው የተሰበረ እናቱን ከሲሪንቃ ወልድያ፣ ከወልድያ ደሴ፣ ሲብስም አዲስ አበባ ድረስ ይዞ የሚንከራተት ልጅ በሬውን ሸጦም ቢሆን «አዲሱን አድርጉልኝ» ቢል አይፈረድበትም። ማስረጃው እጁ ላይ ያለ ባለሙያ ወሬውን ሲደግመው ግን ዝም አይባልም።

እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት 60 ዓመት የሞላቸውንና ከዚያ በላይ የሆኑ፣ የጭን አጥንታቸው አንገት የተሰበረባቸውን 1,225 ሰዎች ለሁለት ከፍሎ አወዳድሯል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በገባላቸው ብረት ዙሪያ አጥንታቸው እንደገና የተሰበረባቸው በሲሚንቶ ከተሠራላቸው 0.5 በመቶ፣ ያለ ሲሚንቶ ከተሠራላቸው 2.1 በመቶ ነበሩ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ያለ ሲሚንቶ የሚገባው ስቴም (በጭን አጥንት ውስጥ የሚቀበረው ብረት) የሚጠብቀው በመዶሻ እየተመታ ነው፤ በዕድሜ የሳሳ አጥንት ደግሞ ዱላ አይችልም።

«አዲስ» የተባለው ሁሉ እንደማይሻል የኤክሰተር ስቴም ታሪክ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1970 ሮቢን ሊንግና ክላይቭ ሊ እንግሊዝ ውስጥ የሠሩት ይህ ብረት ወደታች እየቀጠነ የሚሄድ፣ ገጹም እንደ መስታወት የተወለወለ ነበር። በ1976 ውልውሉ ቀርቶ ገጹ ደብዛዛ ተደረገ። ማን ከቁም ነገር ይቆጥረዋል? ግን ብረቱ ይላቀቅ ጀመር። የተወለወለው ሸክም ሲያርፍበት በሲሚንቶው ውስጥ በጥቂቱ ይሰምጥና እንደ ሽብልቅ ይጠብቃል፤ ሻካራው ግን ሲነቃነቅ ሲሚንቶውን ይፍቃል፣ ብናኙም አጥንቱን ያስበላል። በ1986 ወደ ጥንቱ ውልውል ተመለሱ።

ሲሚንቶም እንከን አለው። ሲሞላ የታካሚው የደም ግፊት በድንገት ሊወርድ ስለሚችል ንቁ የማደንዘዣ ባለሙያ ይፈልጋል። አጥንቱ ለጠነከረ ወጣት ደግሞ ያለ ሲሚንቶ የሚገባው ጥሩ ምርጫ ነው። ጥፋቱ የወጣቱን ምርጫ በአሮጊቷ ላይ መጫን ነው።

የሲሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል አዲስ የማሽላ ዝርያ ከነባሩ ጎን ዘርቶ ሳያወዳድር ለገበሬ አያወጣም። በሰው አጥንት ውስጥ ለሚቀበር ብረት ይህ ፍተሻ ሊነፈግ አይገባም። ስዊድን እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ፣ ማላዊ ከ2005 ጀምሮ የተቀየሩ ዳሌዎችን በአገር አቀፍ መዝገብ ይከታተላሉ። የእኛም ሆስፒታሎች ብረት ሲገዙም ሆነ በእርዳታ ሲቀበሉ የስንት ዓመት ውጤት እንዳለው ይጠይቁ፤ የገባውን ስቴም ስም፣ መጠንና መለያ ቁጥር በታካሚዋ ካርድ ላይ ጽፈው ግልባጩን ያስቀሩ።