ከሐውልቱ በፊት ጥላ

መሬት ተንዶ ወገን በተቀበረ ቁጥር እኛ የኪነ ጥበብ ሰዎች አስቀድመን የምናስበው ሐውልት ነው፤ የነሐስ ምስል፣ የእብነ በረድ ደረጃ፣ የምረቃ ዕለት። በመሠረቱ ሙታንን መዘከር ነውር የለውም። ነውሩ ሐዘንተኛው የሚቀመጥበት ሥፍራ ሳያገኝ ሐዘኑን ለማስጌጥ መሽቀዳደማችን ነው።

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ በገዜ ጎፋ ወረዳ የደረሰውን እናስታውስ። በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሯሯጡ ወገኖች በሁለተኛው ናዳ ተቀበሩ፤ ከ200 በላይ ሰው አለቀ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቆሼ ቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሲሞቱ ደግሞ ክምሩ የሰው እጅ ሥራ ነበረና ተፈጥሮን ብቻ መክሰስ አልተቻለም።

እንዲህ ላለ ማኅበረሰብ የሚነደፍ አደባባይ ምን ይምሰል? መልሱን ከባዕድ አገር ከመፈለግ ወደ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል መውጣት ይበጃል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ ባቋቋሙት፣ 705 ሄክታር በሚሸፍነው በዚህ ሥፍራ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ባሕር ዛፍ ለጽድ፣ ለወይራና ለኮሶ ቦታውን እንዲለቅ ሲሠራ ቆይቷል። ይህ ሥራ ጭብጨባ የለውም፤ ወይራ ለምረቃ ቀን ተብሎ አይፈጥንም። ሆኖም ሥሩ አፈር ይይዛል፤ ጥላውም ሰው ይሰበስባል።

“ዛፍ ታሪክ አይናገርም፤ ሐውልት ግን ይናገራል” የሚሉ አሉ። ታሪክ የሚናገረው ሰው ነው፤ የሚናገረውም ተሰብስቦ የሚቀመጥበት ሲያገኝ ነው። ስለሆነም ቅደም ተከተላችን ይገልበጥ። በመጀመሪያ የሥነ ምድር ባለሙያ የሚጸናውን መሬት ይለይ፤ ሥር ብቻውን ተራራ አያቆምምና። ቀጥሎ ዕድሩ ድንኳን የሚተክልበትን፣ አረጋውያን የሚያርፉበትን፣ ልጆች የሚጫወቱበትንና ጎርፍ የሚወርድበትን ነዋሪው ራሱ ያመልክት። ችግኙም ከየአካባቢው ይመረጥ፤ ከጉለሌ የምንማረው ትዕግሥቱን እንጂ የዛፎቹን ዝርዝር አይደለም፤ የጎፋ አፈር የራሱ ዛፍ አለው። ቀራጺና ገጣሚ በመጨረሻ፣ ሲጠሩ ይምጡ።

ይህን የምለው ራሴ ግጥም የምጽፍ ሰው ሆኜ ነው። ሐዘንተኛው ሳይጠየቅ የተቀረጸ ሐውልት፣ ሳይሰማ የተጻፈም ግጥም፣ የባለሙያውን ስም እንጂ የሟቹን አያስጠራም። አስተዳዳሪውም መምህሩም እኛም ይህን አውቀን፣ የመጀመሪያውን በጀት ለሐውልት ሳይሆን ለሚጸና መሬትና ለጥላ እንጠይቅ።